ጣትህን ያልበላው ዓሣ

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው የገብስ አጨዳ አለፈ። መቃብርህ ዘንድ ስመጣ ብዙ አልናገርም። ካህናቱ አሉ፣ ሰው አለ፣ እናቴ ታለቅሳለች፤ የሆዴን የምነግርህ ጊዜ አይተርፈኝም። ስለዚህ ዛሬ በወረቀት ላጫውትህ ተቀመጥኩ። ከአሁኑ ልንገርህ፣ ይህ የናፍቆት ብቻ አይደለም። ተቀይሜሃለሁ። ቀንቻለሁም። በሕይወት ብትኖር ፊት ለፊት እጠይቅህ ነበር፤ አንተም ያችን የምታውቃትን ሳቅህን ስቀህ ወደ ሞተርህ ትዞር ነበር።

የቤቱን ላስቀድም። እንጅባራ ያው ናት፣ ጉሙ እስከ ረፋድ አይገፈፍም። ወፍጮ ቤቱን የያዘው የገበሬ ማኅበር በአንተ ቦታ እኔን አስገባኝ። «ሴት ልጅ ድንጋይ ልትወቅር?» ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ፤ ዱቄቱን በጣታቸው ዳስሰው ሲያዩት ግን እህላቸውን ለእኔ አስረከቡ። መዶሻህና መሮህ እኔ ጋ ናቸው። ሞተሩ ጧት ጧት ብርድ ሲመታው እንደ ድሮው እምቢ ይላል፤ እንደ አንተ አባብዬ አስነሣዋለሁ። ናፍጣ ሲጠፋ ደግሞ ገበሬው እህሉን በፈረስ እንደጫነ ይመለሳል፤ የሚሰደበው ግን ናፍጣው ሳይሆን እኔ ነኝ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደኅና ናት። የጓሮው ቀርከሃ አጥሩን ጥሶ ጎረቤት ገብቷል።

እና ልጅህ መጥታለች። ለተብርሃን። ከምፅዋ።

እኔ አንድያ ልጅህ ነኝ ብዬ ነው ያደግሁት። ሰው «ስንት እህት ወንድም አለሽ?» ሲለኝ «ብቻዬን ነኝ» ብዬ ኮራ እል ነበር፤ ብቸኝነቱን እንደ ሹመት ነበር የምይዘው።

ገና እኔ ሳልወለድ ምፅዋ የጀልባ ሞተር ትጠግን እንደነበር አውቃለሁ። የዓሣ ተመራማሪዎችን ወደ ደሴቶቹ የምታመላልስ ጀልባ ላይ ሠርተሃል፤ የዓሣ አጥንት ቀቅሎ፣ አጽድቶ፣ አድርቆ ማስቀመጥን ከእነሱ ነው የለመድከው። ወደ አገርህ ገብተህ ወፍጮ ቤት ከተቀጠርክም በኋላ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ቁጥር ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተህ ትሄድ ነበር። «የሞተሩ መለዋወጫ አሥመራ ነው የሚገኘው» ትላለህ። ማንም አይጠራጠርህም፤ ቀበቶም ብሎንም ይዘህ ትመጣለህና። ለእኔ ደግሞ አንድ አንድ የዓሣ መንጋጋ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ።

እኔ የምጠብቀው ያንን ነበር። የሌላው ልጅ አባት ከረሜላ ሲያመጣ፣ የእኔ አባት መንጋጋ ያመጣል። ከእጅህ ላይ ተቀብዬ ወደ ብርሃን አወጣዋለሁ፤ አንተ ደግሞ ጫማህን እያወለቅህ «በይ ትርንጎ፣ አፉን አይተሽ ምሳውን ንገሪኝ» ትለኛለህ። ከባሕሩ ሥር ኮራል የሚባል፣ ድንጋይ የሚመስል ግን ሕይወት ያለው ነገር አለ፣ እንደ ከተማ ነው፣ ዓሣው ሁሉ እዚያ ይሰፍራል ብለህ ነግረኸኛል። በዚያ ከተማ ሁሉም ይበላል፣ ግን እያንዳንዱ በአፉ ልክ ነው። አፉ እንደ ወረንጦ የረዘመውና የቀጠነው ከስንጥቅ ውስጥ ትንንሹን ትል እየለቀመ ያወጣል። አጭር መንጋጋና እንደ መሮ የወፈረ ጥርስ ያለው ቅርፊት ይሰብራል። አፈ ሰፊው ደግሞ ጥርሱ ትንንሽ ነው፣ መንከስ አያስፈልገውም፤ ድንገት ቧ አድርጎ ሲከፍተው ውኃው ከነምሳው ሰተት ብሎ ይገባለታል። ሳገኘው ግንባሬን ትስመኛለህ። ስሳሳት «ድጋሚ እይው» ትላለህ እንጂ አትቆጣም።

ከሁሉም የምወደው ግን የበቀቀን ዓሣውን ነበር። ጥርሶቹ አንድ ላይ ተጋግረው የወፍ ምንቃር የመሰሉትን። ትንሽ ልጅ ሳለሁ የግራ እጅህ ትንሿ ጣት የት እንደሄደች ብጠይቅህ፣ ያን መንጋጋ አንሥተህ ቀጭ አደረግኸው። «ይሄ ነው የበላኝ» አልከኝ። እኔም ትምህርት ቤት ሄጄ አወራሁ። ልጆቹ አላመኑኝም፤ በእረፍት ሰዓት ተግተልትለው ወፍጮ ቤት መጡ። አንተ ምንም ሳትስቅ እጅህን ዘርግተህ አሳየሃቸው፤ መንጋጋውንም አወጣህላቸው። አንዱ አለቀሰ። ያን ቀን ከእኔ በላይ የተከበረ ልጅ በእንጅባራ አልነበረም።

ለተብርሃን የመጣችው በሙት ዓመትህ ዋዜማ ነው። ድንኳኑ እየተተከለ ነበር። አንዲት ቀጠን ያለች፣ ከእኔ በዕድሜ ከፍ የምትል ሴት ከአውቶቡስ ወርዳ፣ ሰው እየጠየቀች ደጃችን ድረስ መጣች። ሻንጣዋን አስቀመጠችና «አቦይ» ብላ አለቀሰች። የሩቅ ዘመድ መስላኝ ልደግፋት ስጠጋ ፊቷን አየሁት። ግንባርህ ነው፤ ቅንድብህ ነው። እኔ እናቴን ነው የምመስለው፣ ታውቃለህ። አንተን ለመምሰል በመስታወት ፊት ስንት ጊዜ ፊቴን እንዳኮሳተርኩ ግን አታውቅም። እሷ ምንም ሳትደክም ይዛው መጣች።

እናቴ ወጥታ አቀፈቻት። «እንኳን ደረስሽ ልጄ» አለቻት። ለካስ ምፅዋ ከዘመተበት ፈቃድ ይዞ ለመጣ የአገራችን ልጅ ወታደር የሞትህን መልእክት ሰጥታ የላከችላት እናቴ ኖራለች! እንግዳው ሲበተን ይዤ ጠየቅኋት።

«ሳያገባኝ በፊት ነግሮኛል» አለች፣ ሰሐን እየደራረበች። «እናቷ በወሊድ ሞታለች። አያቷ ልጅቱን አልሰጥም አሉ። እሱም ከባሕር ላይ ነጥቄ ጉም ውስጥ አላስገባትም አለ።»

«ለእኔስ?»

«ካደገች ይል ነበር። ከዚያ ደግሞ ስታድጊ ፈራሽ።»

ፈራኸኝ? እኔን?

ሳምንት ቆይታ ልትመለስ ነበር። ግን ሬዲዮኑ ምፅዋ ላይ ጦርነት መሆኑን ተናገረ፣ መንገዱም ተዘጋ። የትም መሄጃ አልነበራትም። እናቴ ከእኔ አልጋ አጠገብ ቦታ አዘጋጀችላት። እኔም አፌን ሞልቼ «ቤትሽ ነው» አልኳት፤ ሆዴ ግን ሌላ ይል ነበር።

አባዬ፣ ቅናት እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ስትስቅ እቀናለሁ፣ ሳቁ የአንተ ነው። ዝም ስትል እቀናለሁ፣ አንተን እያሰበች ይሆናል፣ እኔ የማላውቀውን አንተን። አልጋ ላይ ሆኜ ሒሳቡን ሳስበው ደግሞ ባሰብኝ፦ አሥመራ መለዋወጫ ለመግዛት ሄድክ የተባለው ጊዜ ሁሉ ከእሷ ጋር ነበርክ። እኔ በር በሩን እያየሁ ስጠብቅህ፣ አንተ ባሕር ዳርቻ ከሌላ ልጅህ ጋር ዓሣ ትበላ ነበር። ያ ሁሉ በደስታ የተቀበልኩት መንጋጋ ከማዕዷ የተረፈ አጥንት ነው ብዬ አሰብኩ። እሷ ሥጋውን፣ እኔ አጥንቱን።

ወፍጮ ቤት ልርዳሽ ብላ መምጣት ጀመረች። ሰው ወደዳት። በሁለት ወር ውስጥ ከገጠር የሚመጡትን እናቶች በአገውኛ ሰላም ማለት ተማረች፤ እነሱም እኔን አልፈው ከእሷ ጋር ይጫወታሉ። አንድ የገበያ ቀን አጥንቶቹን ያስቀመጥክበትን የወተት ዱቄት ጣሳ ከመደርደሪያው አወረደች። ሳትጠይቀኝ። አንተ ልታስረዳኝ ሞክረህ ያልገባኝን፣ ያን ቀጭን ቀጭን አጥንቱ የተንጠለጠለውን መንጋጋ መዘዘች።

«ይሄን አውቀዋለሁ!» አለች። «ይሄ እኮ አፉን የሚወረውረው ነው።»

እጇን ወደ ሹራቧ እጅጌ ሰበሰበችና እህል አስፈጪዎቹ ፊት ቆመች። «እንዲህ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ምንም አያስፈራም። ምሳው፣ ሽሪምፕ የሚሉት ትንሽዬ የባሕር ፍጥረት፣ ሩቅ ነው ብሎ ተዝናንቷል። ከዚያ…» እጇ ከእጅጌው ተስፈንጥሮ ወጥቶ የአንዲትን ሴትዮ ነጠላ ጫፍ ያዘና ተመለሰ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። «ዓሣው አልተንቀሳቀሰም» አለች፣ «አፉ ብቻ ነው ሄዶ የመጣው።»

ያኔ ገባኝ። አጥንቶቹ ለምን እንደረዘሙ፣ ለምን እንደ ማጠፊያ እንደተቀጣጠሉ፣ ስንት ዓመት በእጄ ሳገላብጠው ያልገባኝ ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ሞተሩን አስነሣሁት፣ ድምፅዋ እንዳይሰማ።

ከዚያ የበቀቀን ዓሣውን አነሣች። ይህን እኔ ልናገር አልኩ፤ ሞተሩን አጠፋሁና ቀማኋት። «ይሄ የአባቴን ጣት የበላው ነው» አልኩ፣ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ።

ለተብርሃን ሰዎቹ እስኪሄዱ ጠበቀች። «ትርንጎ፣ ይሄ ዓሣ ጣት አይበላም» አለችኝ በቀስታ። «ኮራሉን ነው የሚግጠው። ጭንቅላትሽን ውኃ ውስጥ ስታስገቢ ቀርጨም ቀርጨም ሲል ይሰማሻል። በላዩ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ፈልጎ ከነድንጋዩ ይውጠዋል፤ ድንጋዩን አልሞ አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል። እኛ የምንተኛበት አሸዋ ከእሱ ሆድ የወጣ ነው።»

«ውሸታም!» አልኳት። አንተን ውሸታም ከምል እሷን ብል ይቀለኝ ነበር። «ድንጋይ በምን ያልማል? ይሄው መንጋጋው፣ የሚቆርጥ እንጂ የሚፈጭ ምን አለው?»

እጇን ጣሳው ውስጥ ከታ ከሥር ሁለት ቁራጭ አወጣች። እኔ የባሕር ድንጋይ ይመስሉኝ የነበሩትን። አንድ ቀን ምንድን ናቸው ብልህ «ከዚያው ናቸው» ብለህ ያለፍካቸውን።

«ከጉሮሮው ነው» አለች። «ሁለተኛ መንጋጋው ነው። ፊት ለፊት ያለው ይቆርጣል፣ ይሄኛው ውስጥ ሆኖ ይፈጫል።»

ተቀበልኳት። አንዱ ጎበጥ ያለ ነው፣ ሌላው ጎድጎድ ያለ። ገጠምኳቸው፤ ልክ ሆኑ። በላያቸው ጥርሶቹ በረድፍ በረድፍ ቆመዋል፤ በአንድ ወገን ተበልተው ለስልሰዋል፣ በሌላው ወገን ገና ስል ናቸው። አባዬ፣ ወፍጮ መውቀር ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ፊቱ ያለቀ ድንጋይና አዲስ የተወቀረ ድንጋይ በጨለማ በእጄ ዳስሼ እለያለሁ። ይህ ወፍጮ ነው። ሥጋ ለሚበላ ምን ያደርግለታል? አፉን አይቼ ምሳውን አወቅሁ፤ እሷ እንዳለችው ነው።

አንተ ወፍጮ ፈጪው፣ ከሁሉም ይልቅ ይህን ልታሳየኝ ይገባህ ነበር። አላሳየኸኝም። ብታሳየኝ የጣትህ ተረት ይፈርሳል።

«እሺ» አልኳት። «ጣቱንስ ማን በላው?»

ወደ ሞተሩ ቀበቶ አየች። ለመናገር አልፈለገችም፤ እጇን ይዤ ነው ያስጨነቅኋት። ትንሽ ልጅ ሳለች ጀልባው ላይ ይዘሃት ወጥተህ ኖሯል። የሚሽከረከረውን ቀበቶ ልትነካ እጇን ዘረጋች። አንተ በአንድ እጅህ ወደ ኋላ ወረወርካት፤ ሌላው እጅህ ቀበቶው ውስጥ ገባ።

ዓሣ አይደለም፣ እሷ ናት። ጣትህን ለእሷ ሰጥተህ፣ ለእኔ ተረቱን ሰጠኸኝ። ያን ቀን ከወፍጮ ቤት ወጥቼ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ከእሷ ጋር ከሥራ ነገር በቀር አልተነጋገርንም። እናቴ በመሃል እየተላላከች ደከማት። «ሙት አይወቀስም፣ ሕያዋን ተዋደዱ» ትለኛለች። እኔ ግን ሙቱንም ሕያዋኑንም እየወቀስኩ ከረምኩ።

የክረምቱ ዝናብ ካባራ በኋላ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ለተብርሃን «ውኃ የለም ወይ እዚህ አገር?» ብላ ጠየቀች። ለእናቴ ነው የጠየቀችው። «ምንጭ አይደለም፣ ወንዝ አይደለም። ተኝቶ የሚታይ ውኃ።» እናቴ ጉልበቷን እያሻሸች «ትርንጎ ዘንገና ሐይቅ ትወስድሻለች» አለች። እምቢ ማለት አልቻልኩም።

እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሄድን። ዛፎቹን አልፈን ቁልቁል ወርደን ሐይቁ ሲታይ፣ ቆመችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ጠርዙ ላይ ተንበርክካ ፊቷን ውኃው ውስጥ ነከረች። ብዙ ቆየች። ስትወጣ የሐይቁ ውኃ ይሁን እንባዋ ያልለየሁት ነገር በጉንጯ ይወርድ ነበር።

«እንደምትጠዪኝ አውቃለሁ» አለችኝ። «አልፈርድብሽም። እኔም አንቺን ስጠላ ነው ያደግሁት።»

«እኔን? አታውቂኝም እኮ።»

«አላውቅሽም? ስምሽን የሰማሁት ከራሴ ስም እኩል ነው። ሲመጣ ዓሣ ይገዛል፣ አያቴ ታበስለዋለች። ሥጋውን እየለየ ያጎርሰኛል። ጭንቅላቱን ግን አያስነካኝም። ብቻውን ተቀምጦ ያጸዳዋል፣ ያደርቀዋል፣ ለራሱ እያንጎራጎረ። አንድ ጊዜ ያን እንደ ወረንጦ አፉ የቀጠነውን ሰርቄ ትራሴ ሥር ደበቅሁ። ሲፈልግ ዋለ። አገኘው። አልመታኝም። ‹ይሄ የትርንጎ ነው፤ አንቺ ባሕሩ አለሽ› አለኝ።» ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። «ባሕሩ የሁሉ ሰው ነው፣ ትርንጎ። አጥንቱ ግን የአንቺ ብቻ ነበር። ሲሄድ እሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። እኔን ትቶኝ እየሄደ፣ እሱን ደረቱ ላይ አድርጎት።»

ስንት ሌሊት ከማዕዷ የተረፈ ያልኩት አጥንት፣ እሷን እንቅልፍ ሲነሣት ኖሯል። እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ቀንታብኛለች! ከዚያ ቀና ብዬ ሳያት፣ ያቺ ቀጭን ሴት አገሯ ተዘግቶባት፣ ባሕሯን ትታ፣ የእኔን ጉም ለብሳ ተንበርክካለች፤ በደስታዬ አፈርሁ።

አጠገቧ ተንበረከክሁ። «እናንተ ውኃ ውስጥ እንዴት ነው የምታዩት?» አልኳት።

«ዓይንሽን አትጨፍኚ። እስትንፋስሽን ያዢ።»

ፊቴን ነከርሁ። ብርዱ ጥርሴን አንቀጫቀጨው። ዓይኔን ገለጥሁ፤ አረንጓዴ ጭጋግ ብቻ። ድንጋይ የሚግጥ የለ፣ አፉን የሚወረውር የለ። ወጥቼ ስተነፍስ «ምን አየሽ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«እኔም» አለች። ሳቅን። ሳቋ የአንተ ነው ብዬሃለሁ፤ ያን ዕለትም ትንሽ ወጋኝ።

ስንመለስ መንገድ ላይ «አንድ ስጪኝ» አለችኝ። «ከጣሳው። አንድ ብቻ።» ቤት እስክንደርስ አልመለስኩላትም። ገብተን ጣሳውን አልጋዬ ላይ ገለበጥኩት። ያን የሰረቀችውን፣ ወረንጦ አፉን አንሥቼ እጇ ላይ አኖርሁላት። ጨበጠችው፣ ከእጇም እስኪነጋ አልለቀቀችውም። የበቀቀን ዓሣውን ግን ከነጉሮሮ ወፍጮው መልሼ ከተትኩት። እሱን አልሰጥም። ለእሷ ጣትህ ይበቃታል።

አሁን አብረን እንሠራለን። እሷ እህል ትሰፍራለች፣ እኔ ድንጋዩን እይዛለሁ። ወሬው ጥሩ አይደለም፤ ጦርነቱ እየቀረበ ነው ይላሉ፣ የቀበሌው ስብሰባም በዝቷል። መንገዱ ሲከፈት ይዣት እሄዳለሁ ብያለሁ። ያን የኮራል ከተማ በዓይኔ አያለሁ፤ አንተ የቆምክበት ላይ እቆማለሁ። ከእሷ ያነሰ አባት አልነበረኝም ብዬ ለራሴ የምነግረው ያኔ ይሆናል።

እስከዚያው እንዲህ እልሃለሁ። ቅናቴ አልወጣልኝም፣ እንዲወጣልኝም አልጸልይም። በሞተ አባቱ የሚቀና ሰው አባቱን ገና ለሞት አላስረከበም። ሙት ዓመትህ በመጣ ቁጥር ሁለታችንም እንቆማለን፤ ስምህ ሲጠራ ሁለታችንም «ነፍሱን ይማር» እንላለን። ጆሮህን ጣል አድርገህ ስማ። ጮክ ያለው ድምፅ የእኔ ነው።

ልጅህ ትርንጎ